ዝሆን የሚመስለው የኤርጫፎ ቤት

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ይሆናል። ማን ቀድሞ እንደ ተናገረ፣ ስልኩ ስንት ጊዜ እንደ ተቋረጠ፣ የቱ ጥሪ ከየቱ በፊት እንደ መጣ ማል ብባል አልምልም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት ነው፣ እዚህ በሰጡኝ የስደተኛ ወረቀት ላይ ግን ሰባ ሦስት ይላል፤ ሲመዘግቡኝ የኛን ዓመተ ምሕረት እንደነሱ አድርገው ጻፉት፣ እኔም ላስተካክል ብዬ ብሄድ ሌላ ጣጣ ያመጣብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዋናውን ነገር ግን አልሳትኩም። ዋናውን ብስት ኖሮ ይኼኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ረፋድ ነው፣ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው፣ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ደርባን በሚባለው ከተማ የጨርቅ መጋዘን ዘበኛ ነኝ፤ ሌሊት ቆሜ አድራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ ይባላል። ሸማኔ ነበርኩ፣ አሁን በማሽን የተሠራ ጨርቅ እንዳይሰረቅ እጠብቃለሁ፤ ድሮ በዚህ ነበር የምናደደው፣ አሁን ለእሱ የሚተርፍ ንዴት የለኝም። ከላይ ፎቁ ላይ የቤቱ ባለቤት አለች፣ ህንዳዊት ባልቴት፣ ቅድመ አያቶቿ እዚህ ሸንኮራ ሊቆርጡ የመጡ፤ እኔ ከሥራ ስገባ እሷ ለአምላኳ ትንሽ ቃጭል ታቃጭላለች። ቃጭሉን ስሰማ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ ኤርጫፎ ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ይመጣና ቁጭ ይላል፣ አይናገርም። ምናለ ቢሰድበኝ! ሰድቦኝ ቢሄድ እኔም መልሼ ሰድቤው እተኛ ነበር። እሱ ግን ሲፈጥረው አይሳደብም፣ ይህም ያናድደኛል፣ ሰው እንዴት ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይሳደብ ይኖራል?

ሆቴሉን ያመጣው ልጄ ዘካሪያስ ነው። ልጄ ስል የወለድኩት ማለቴ ነው፣ ያሳደገው ኤርጫፎ ነው። እናቱ ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ስወጣ ስምንት። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፣ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኤርጫፎ ከገዛ ልጁ ከኑሃሚን ሳይለይ አሳደገው፣ እየሸመነ አስተማረው፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፍራሹን በትከሻው ተሸክሞ ያደረሰው እሱ ነው። እዚያ አንድ ህንዳዊ መምህር ወደደው፣ ህንድ አገር ሄዶ የሚማርበትን መንገድ አሳየው፣ ሄደ፣ ሦስት ዓመት ቆየ፣ ሲመለስ ሆቴሉን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ተመለሰ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎችም አገኘ። የሚቀረው ቦታ ነበር፣ ቦታው ደግሞ የኛ ቦታ ነው፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ፣ አባያ ሐይቅ ከነደሴቶቹ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጥምዝ ላይ።

«ቡቲክ ሆቴል ነው አባዬ» አለኝ በስልክ።

«እኔ የማውቀው ቡቲክ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ያለው የነአቡበከር ሱሪ ቤት ነው።»

ሳቀ። «ትንሽ ሆኖ ልዩ የሆነ ማለት ነው። አስራ ሁለት ክፍል ብቻ። የህንድ ሥዕል፣ የአማልክቶቻቸው ታሪክ፣ ፍልስፍናቸው ሁሉ ያለበት። እንግዳው ሊተኛ ብቻ አይመጣም፣ ሊያስብ ይመጣል።»

«አባያን እያየ ህንድን ሊያስብ?»

«እሱ ላይ ነው እኮ ለየት የሚለው!»

ሊሠራ ያሰበውን በኮምፒውተር አድርጎ ፎቶ ላከልኝ። በእሳት ክብ መሀል አንድ እግሩን አንስቶ የሚጨፍር አምላክ፣ ቆዳው ሰማያዊ የሆነ ዋሽንት የሚነፋ ጎረምሳ፣ በውኃ አበባ ላይ የተቀመጠች ሴት። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር። ክፍሎቹ ቁጥር የላቸውም፣ ስም ነው ያላቸው፣ አንዱ ማያ ይባላል። ምን ማለት ነው ስለው፣ የምናየው ሁሉ ያታልለናል ማለት ነው፣ ቤት የኔ፣ መሬት የኔ የሚል ሰው ሕልም ውስጥ ነው፣ የነቃ ሰው ይለቃል፣ አለኝ። የኔ የሚባል ነገር ከሌለ ታዲያ በመሬቱ ላይ ውክልና ለምን ፈለግክ? የይዞታ ደብተሩንስ ለምን ጠየቅከኝ? ይህን ዛሬ ነው የማስበው፣ እዚህ ትራስ ላይ። ያን ቀን አልጠየቅኩትም። ያን ቀን አባዬ ብሎኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ስደውልለት ሰላም ነህ ወይ፣ ደህና ነኝ፣ ይኸው ነው፤ ስም አይጠራኝም ነበር፣ ምን ብሎስ ይጥራኝ? አሁን በአንድ ጥሪ አምስት ጊዜ አባዬ ይላል። ቆጥሬዋለሁ። ኤምባሲ ሄጄ ፈረምኩ፣ ጠቅላላ ውክልና ሰጠሁት።

ስፈርም ግን ወንድሜን አልነገርኩትም። እንዴት ልንገረው? አባታችን ሊሞት ሲል ሁለታችንን ጠርቶ፣ ከመንገዱ በላይ ያለውን ለኔ፣ ጥምዙን ከነቤቱ ለኤርጫፎ ብሏል። ምስክር የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ሞተዋል። መንግሥት መሬት ሲመዘግብ ደብተሩ በሙሉ በኔ ስም ወጣ፣ ባይራ ነኝና። ባይራ በኛ አገር የበኩር ልጅ ነው፤ ባይራው ሳይጀምር ታናሹ አይጀምርም፣ አይዘራም፣ አዲስ እህል አይቀምስም። እዚህ ሆኜ እንኳን እኔ ነኝ የማስጀምራቸው፤ በየዓመቱ ኤርጫፎ ይደውላል፣ ስልኩን ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ ዝሩ እላለሁ፣ ይዘራሉ። አንድ ዓመት ኔትወርክ ጠፍቶ አስራ አንድ ቀን ጠብቆኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ዘርቶ ጨርሷል፣ ዝናቡ እያለፈው ነው፣ እሱ ስልክ ይዞ ዳገት ለዳገት ይዞራል። እንዲህ ላለ ሰው ነው ያልነገርኩት።

ልጁ ለምን ያንን ቤት እንደ ፈለገ ልናገር። የኛ የቀርከሃ ቤት ዝሆን ይመስላል፤ ከበሩ በላይ ወደ ፊት የወጣው እንደ ኩምቢ ነው፣ ሁለቱ የጭስ መውጫዎች ዓይን ናቸው። ህንዶቹ ደግሞ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ አላቸው። «አየህ አባዬ፣ አንድ ነን! እነሱ በድንጋይ የቀረጹትን አያቶቻችን በቀርከሃ ሠርተውታል» አለኝ። የአባታችን ቤት የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሊሆን፣ የዝሆኑ ሐውልት መሀሉ ሊቀመጥ። የት ጋ? የሽመናው ጉድጓድ ያለበት ጋ። አባታችን እግሩን ሰዶ የሸመነበት፣ እኔም ኤርጫፎም የሸመንንበት ጉድጓድ፣ እሱን ሞልተው በላዩ ላይ። ኤርጫፎስ? ኤርጫፎማ እዚያው ደጃፉ ላይ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ይሸምናል፣ እንግዳው ያየዋል። ይህንን ሲነግረኝ በደስታ ነው የነገረኝ፣ ለአጎቱ መልካም ያደረገ መስሎት። እኔም መልካም ነው አልኩ። አዎ፣ አልኩ። አፌን ምን ይዞት ነበር?

ኤርጫፎ አልወጣም አለ፣ ነገሩ ወደ ዱቡሻ ሄደ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚሸመግሉበት ሜዳ ነው፤ እዚያ አይዋሽም። እዚያ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፣ በልጁ ወይ በከብቱ የሚመጣ ጠንቅ ማለት ነው። በማለዳው ዘካሪያስ ደወለልኝ። «አባዬ፣ ዛሬ ይጠይቁሃል። ዋሽ አልልህም። አላስታውስም በል፣ በቃ። ሽማግሌ ነህ፣ ማን ይፈርድብሃል?» አሰብኩበት። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፣ ሳላስብ አላደርግም። ያሰብኩት ይህን ነው፤ እግሬ ዱቡሻው ላይ የለም። እግሬ ደርባን ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ። የሚገባው ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም በማሽን። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ትልቅ ሰው፣ የልጅ ሐሳብ!

ኑሃሚን ስልኩን ይዛ መሀል ገባች። ባጃጅ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ይሰማኛል፣ ሰው ይስላል። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ተክለወልድ ነው፣ አባቴን የሚያውቅ።

«ባይራ፣ ትሰማናለህ?»

«እሰማለሁ አባቶቼ።»

«ኤርጫፎ እዚህ አለ፣ ልጅህም አለ። ኤርጫፎ የተናገረው አንድ ቃል ነው፣ ባይራውን ጠይቁት አለ፣ ሌላ አልጨመረም። አባታችሁ ጥምዙን ከነቤቱ ሰጥቶታል ወይስ አልሰጠውም?»

አንዱ ከኋላ «ሰውየው ነው ኔትወርኩ ነው የጠፋው?» አለ፣ ጥቂቶች ሳቁ።

«አላስታውስም» አልኩ።

«ድገመው።»

«አላስታውስም፣ አርጅቻለሁ።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ተክለወልድ ወደ ኤርጫፎ ዞሮ ምን ትላለህ ሲለው ይሰማኛል። ወንድሜ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፣ ውሸታም ይለኛል ብዬ፣ እንዲለኝም ፈልጌ ነበር መሰለኝ። «ባይራው ካላስታወሰ አልተባለም ማለት ነው» አለ። ይህን ነው ያለው። ዘካሪያስ ወዲያው መልእክት ላከልኝ፣ ተባረክ አባዬ ይላል። ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ ሁለት ጊዜ ነው።

እንቅልፌ የሄደው ያን ቀን ነው። አምስት ቀን ይሁን ስድስት ቆይቶ፣ ኪራይ ልከፍል ፎቅ ስወጣ ባልቴቷ በመደርደሪያ ላይ ያለች ትንሽ የናስ ዝሆን ታጥባለች፣ ልክ እንደ ሕፃን፣ በጣቷ። አጥባ አደረቀችው፣ አበባ አደረገችለት፣ ጣፋጭ ፊቱ አኖረች፣ ከጣፋጩ ለኔም ሰጠችኝ። እኔ ሞኙ ደስ ይላት ብዬ የሆቴሉን ፎቶ አወጣሁ። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየች። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ማን ይጸልያል?»

«ማንም። እንግዳ ያየዋል።»

«ማን ያጥበዋል? ማን ያበላዋል?»

«ሠራተኛ ይወለውለዋል መሰለኝ።»

«ሰው ራቁቱን የሚቆምበት ግድግዳ ላይ!» ስልኩን መለሰችልኝ። «ይሄ የማን ቤት ነበር?» አለች፣ የቀርከሃውን ቤት እያሳየችኝ።

«የወንድሜ።»

«ሸጠላቸው?»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እሷም አላስጨነቀችኝም፣ ግን ያን ሁሉ ዓመት ኪራይ ስከፍል ወንበር ታቀርብልኝ ነበር፣ ያን ቀን ብሩን ቆማ ነው የተቀበለችኝ። ደረጃውን ስወርድ ተናደድኩ። በሷ አይደለም፣ በማን እንደሆነ እኔም አላወቅኩም፣ ደረጃውን በእግሬ መታሁት፣ አውራ ጣቴ ይኸው እስካሁን ያመኛል። ወንድምህ ሸጠላቸው ወይ ብላ የጠየቀችኝ ይህች አምላኳን በጣቷ የምታጥብ ሴት ናት፣ የገዛ ልጄ ግን ፍልስፍና ተምሬ መጣሁ ይለኛል። ልቀቅ ይላል! የሚለቀው ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው፣ እነሱ ሲለቁ አላየሁም።

እናም ለኑሃሚን ደወልኩ። እውነቱን እናገራለሁ፣ ስልኩን ዱቡሻ አስገቢልኝ አልኳት።

«አባባ፣ ስልክ ከእንግዲህ አይገባም ብለዋል።»

«ለምን?»

«ያበላሸው ስልክ ነው ብለው ነዋ። እግሩ ይምጣ ነው ያሉት።»

«እንዴት ብዬ ነው የምመጣው? ወረቀቴ እኮ—»

«እኔ ምን ላድርግ አባባ? እኔ ስልክ ያዥ ነኝ።» ድምጿ ተቆጥቷል፣ መቆጣት መብቷ ነው። «አባቴ እዚህ ነው፣ ላቅርብልዎት?»

አቀረበችው። ሰላም አለኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ጉልበቴ ሳይቀር። አላስቻለኝም።

«ኤርጫፎ፣ አባታችን ሰጥቶሃል። አስታውሳለሁ። በየት በኩል ተኝቶ እንደ ነበር ሁሉ አስታውሳለሁ።»

«እኔማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«በሰው ፊት? ባይራዬን ዋሸ ልበል?»

«በለኝ! ምናለ ብትለኝ!»

«ተወው አሁን። ስልኩን የተቀበልኩት አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ቤቱን ላነሳው ነው። ቃል ስጠኝ።»

ቤት ማንሳት ላላየ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የኛ ቤት እንደ ቅርጫት የተሠራ ነው፣ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ሥሩ ይቆረጣል፣ ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግ ደግሞ ወንዶች ተሰብስበው እንጨት ከሥሩ ያስገቡና እንዳለ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ባይራ ያለው ሰው ግን ባይራው አንሱ ሳይል አያነሳም።

«አታነሳም!» አልኩት። «መሬቱ ያንተ ነው፣ ተቀመጥበት!»

«በምን ልቀመጥ? ዙሪያዬን ግንብ ሠሩ። ልጁ ነጭ ልብስ አምጥቶልኛል፣ ይህን ለብሰህ ዝሆኑ ደጃፍ ተቀመጥ ይለኛል። ከቤታችን አንድ ዘበኛ አይበቃም?»

እንዲህ ነው ያለኝ። ስድብ ቢሆን የሱ የመጀመሪያ ስድብ ነው፣ ደግሞ ትክክለኛ። ቃል አልሰጥህም ብዬ ጮህኩ፣ ስልኩን ዘጋሁት። ሳስበው ግን ብልጠት መሰለኝ፤ እኔ አንሱ ካላልኩ አያነሳም፣ አስራ አንድ ቀን ዝናብ ያሳለፈ ሰው ያለ ቃሌ አይንቀሳቀስም፣ እስከዚያ እኔ ውክልናውን እሽራለሁ። ወንድሜን በገዛ ታማኝነቱ ላስረው ነበር። ይህም መልካም መሰለኝ፣ ሁልጊዜ የማደርገው ነገር መልካም ይመስለኛል!

ውክልና ለመሻር ቀጠሮ በኢንተርኔት ነው። ለኢንተርኔቱ ኢሜይል ያስፈልጋል፣ ለኢሜይሉ የይለፍ ቃል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ሰው ለምኜ ከፈትኩ። የስምንት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ሄጄ ኤምባሲው መስኮት ጋ ቆምኩ። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አየች፣ አንዱ ስልሳ ስድስት ይላል፣ አንዱ ሰባ ሦስት፤ ውክልናውን ስሰጥ ማንም አላየውም፣ ስሽር ታየ። «አባት፣ እነዚህ ሁለት ሰው ናቸው» አለችኝ። አንድ ሰው ነኝ ብዬ ማልኩ። መጀመሪያ ዕድሜዎን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ይምጡ። ዕድሜ የሚያስተካክለው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰው አያስገባም፣ ፎቶ ላኩ፣ ጠብቁ ነው የሚለው፣ ላክሁ፣ እየጠበቅኩ ነው። ለምን ተነስቼ ዝም ብዬ አልሄድኩም? አገሬ ብመለስ ያስሩኛል ብዬ ነው እዚህ የተመዘገብኩት፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። መመለስስ ለምን እፈልጋለሁ? ምን አለኝ እዚህ? አልጋና መጋረጃ። ሰው ጠንቃቃ ይለኛል። ፈሪ ነኝ። ትኬት እንዳልቆርጥ ያስፈራኝን ሁሉ ልዘርዝር ብል ይመሽብኛል፣ ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ዱቡሻው ላይ ቆሜ ተክለወልድ ዓይኔን ሲያየኝ ነው።

ከዚያ ኑሃሚን ደወለች። እዚህም የበዓል ቀን ነበር፣ መጋዘኑ ዝግ ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች። ቪዲዮ ነው፣ ይዩ አለችኝ። አየሁ። የቤቱን ሥር ዙሪያውን ቆርጠዋል፣ ረጃጅም እንጨት አስገብተዋል፣ አርባ ይሁን ሃምሳ ወንድ ከሥሩ ጎንበስ ብሏል፣ ከዶርዜ የመጡ አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎችም አሉ። ተክለወልድ በዱላ ተደግፎ ቆሟል። ኤርጫፎ የሽመና ዕቃውን በጀርባው አዝሏል፣ መወርወሪያውን በእጁ ይዟል።

«አባቴ ነው ደውይ ያለኝ» አለች ኑሃሚን። «ቃል ይሰጡ እንደሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ጠይቂልኝ አለኝ።»

ዘካሪያስ እየሮጠ መጣ። በስልኩ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታየኛል፣ ሸሚዙ ወጥቷል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው! የሆቴሉ ልብ ነው! ሐውልቱ ነገ ይገባል፣ እንግዶች ተጠርተዋል! ምን ጎደለብህ? ንገረኝ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «አባቴ ቃል አልሰጠም፣ ያለ ባይራው አታነሱም!» የኔን ነገር፣ እኔ ለራሴ ያሰብኩትን ብልጠት፣ ከልጄ አፍ ሰማሁት።

«አንሱ በያቸው!» አልኩ። «ኑሃሚን፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አንሱ ብሏል በያቸው!»

«ምን አሉ አባባ? እየቆራረጠ ነው።»

«አንሱ!»

«አይሰማም አባባ።»

ኤርጫፎ ወደ ስልኩ አየ። ጥቂት ጠበቀ፣ እንደ ልማዱ። ከዚያ በሕይወቱ አንድ ነገር ቀድሞኝ ጀምሮ የማያውቅ ሰው መወርወሪያውን ከፍ አደረገና «አንሱ» አለ። ቤቱ ተነሳ። ወንዶቹ ጮኹ፣ ጩኸቱ ወደ ዜማ ዞረ፣ ዝሆኑ ከነሁለት ዓይኑ ሰማንያ እግር አውጥቶ በግንቡ በር ወጣ፤ የበሩ ወርድ አልበቃ ብሎ ከግንቡ አንድ ጎን ይዞ ሄደ፣ ሰው ሳቀ። ቤቱ የነበረበት ቦታ ክብ ባዶ መሬት ሆነ፣ መሀሉ ጉድጓድ። ዘካሪያስ እዚያ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። ልጄ ነው፣ አዘንኩለት፣ ስላዘንኩለት ደግሞ ተናደድኩ። እኔ አልጋዬ ላይ ቆሜ አንሱ፣ አንሱ እላለሁ፣ ባልቴቷ ከላይ ወለሉን ትመታለች።

ኑሃሚን ከኋላ ትከተላቸዋለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። «የት ነው የሚያሳርፉት?» አልኳት። «አባባ፣ እሱን ገና—» አለች፣ ጥምዙን አልፈው ዞሩ፣ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። በማግስቱም ደወልኩ። ለኤርጫፎም፣ ለዘካሪያስም። ቤቱን የት እንዳሳረፉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ቀን ሚያዝያ አስራ ዘጠኝ ነበር፣ እሑድ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት።